የቴስላ ቻርጀር ለሌሎች ከተከፈተ ወዲህ «እንግዳው» ማን ነው?

የ2018ቱ፦
ትናንት አንዱ እዚህ ስለ ቴስላ ሱፐርቻርጀር፣ ስለ ፈጣኑ የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ጣቢያ፣ ጽፎ «ለሌላ መኪና መከፈቱ ሁላችንንም ጠቅሟል» ብሎ ደመደመ። ሁላችንንም? እኔን ማን ጠየቀኝ? ቴስላዬን በ2018 ስገዛ ግማሹ ምክንያቴ ቻርጀሩ ነበር። ሌሎቹ አምራቾች ማስታወቂያ ሲያሳምሩ ይሄ ድርጅት ከ2012 ጀምሮ በየአውራ ጎዳናው ጣቢያ ሲተክል ነበር። እኔ የከፈልኩት ዋጋ ውስጥ ያ ሁሉ አለበት። አሁን እንግዳው ገብቶ ተንሰራፍቷል፣ ባለቤቱ ወረፋ ይጠብቃል። ቅዳሜ ስምንት ቦታ ባለው ጣቢያ አንድ ትልቅ ፒክአፕ ሁለት ቦታ ይዞ አገኘሁት። የኔ ባትሪ 9 በመቶ ላይ ነው። ሰውየው ወንበሩን ለጥጦ ተኝቷል።

ባለ ፒክአፑ፦
የተኛሁት እኔ አይደለሁም። ልሆን ግን እችል ነበር። «እንግዳው» ትላለህ። ወንድሜ፣ እንግዳ ሒሳብ ይከፍላል እንዴ? እኔ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ካንተ አስበልጬ ነው የምከፍለው። ባንተ ዋጋ ልሙላ ካልኩ በየወሩ የአባልነት ክፈል እባላለሁ። እንዲህ አድርጎ እንግዳ የሚቀበል ቤት አይቼ አላውቅም።

የ2018ቱ፦
ከፈልክ ማለት ባለቤት ሆንክ ማለት አይደለም። ሆቴል ያደረ ሁሉ ሆቴሉን ገዛው?

ሒሳብ ወዳድ፦
አንተስ ገዛኸው? በራስህ ምሳሌ አንተም አልጋ የተከራየህ ነህ። ቀድመህ ስለገባህ ብቻ ቁልፍ ያዥ የሆንክ መሰለህ። የገዛኸው መኪና ነው። ለመሆኑ አክሲዮን አለህ?

የ2018ቱ፦
አለኝ። አሥራ አንድ።

ሒሳብ ወዳድ፦
እንኳን ደስ አለህ! እንግዲያው ፒክአፑ በተሰካ ቁጥር ላንተም ሳንቲም ትደርስሃለች። በሚቀጥለው ሰውየውን ቀስቅሰህ አመስግነው።

ገመድ ነው ነገሩ፦
ሁላችሁም ስታችሁታል። ችግሩ የገመድ ነው። የቴስላ መሰኪያ ከኋላ በግራ ጥግ ነው። ጣቢያውም ለዚያ ተለክቶ ተሠራ። ወደኋላ ትገባለህ፣ ገመዱ ልክ ይደርስሃል፣ ትርፍ የለውም። የፎርድ ላይትኒንግ ፒክአፕ መሰኪያ ደግሞ ከፊት በግራ፣ ከጎማው ከፍ ብሎ ነው። አፍንጫውን አስገብቶ ሲቆም የራሱ ቦታ ገመድ በቀኙ ይቀራል። በግራው ያለውን የጎረቤቱን ይስባል። አንድ መኪና፣ ሁለት ቦታ። ሰውየው ባለጌ ስለሆነ አይደለም፣ ሌላ መቆሚያ የለውም። አዲሱ አራተኛው ትውልድ ሱፐርቻርጀር ገመዱ ረዘም ብሏል። አሮጌዎቹ ግን እንዳሉ ናቸው።

ባለ ፒክአፑ፦
ተባረክ! በየጣቢያው ግልምጫ የምበላው ለዚህ ነው።

የ2018ቱ፦
ገመዱ የተለካው ለኔ መኪና ነው እያላችሁኝ ነው። በሰው ቤት ጫማው አልበቃኝም ብሎ ማማረር አለ?

ሒሳብ ወዳድ፦
እሺ፣ ወደ «እንግዳ» እንመለስ። እንግዳውን ማን ጠራው? በኖቬምበር 2022 የመሰኪያውን ንድፍ አውጥቶ ኑ ተጠቀሙበት ያለው ማን ነው? ቴስላ ራሱ! በሜይ 2023 ፎርድ እሺ አለ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) ተከተለ፣ ከዚያ ሌሎቹ ተግተለተሉ። አሁን መሰኪያው ጄ3400 ተብሎ መደበኛ ሆኗል። በር ከፍቶ የጠራውን ሰውዬ ትተህ የገባውን ታሳድዳለህ።

የ2018ቱ፦
ተገዶ ነው የከፈተው። መንግሥት ገንዘብ አሳይቶት ነው።

ባለ ፒክአፑ፦
ቆይ፣ ራስህ ወደዚያ ወሰድከው። የ2021ዱ የአሜሪካ የመሠረተ ልማት ሕግ ለቻርጀር 7.5 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ከዚያ ውስጥ 5 ቢሊዮኑ ለአውራ ጎዳና ነው። ለአንድ አምራች መኪና ብቻ የተከለለ ጣቢያ ከዚያ አምስት ሳንቲም አያገኝም። በፌብሩዋሪ 2023 ዋይት ሀውስ ቴስላ እስከ 2024 መጨረሻ ቢያንስ 7,500 ቻርጀር ለሁሉም ይከፍታል ብሎ አስታወቀ። ያ ገንዘብ የማን ነው? የኔም ግብር አለበት። ታዲያ ማነው እንግዳ?

የ2018ቱ፦
መረቡ መዘርጋት የጀመረው ሕጉ ከመውጣቱ 9 ዓመት ቀድሞ ነው። ያኔ የናንተ ግብር የት ነበር?

ባለ ፒክአፑ፦
ያኔ አንተም አልነበርክም። የገዛኸው በ2018 ነው።

አውሮፓ ያለሁት፦
እዚህ ይሄ ክርክር ከተረሳ ቆየ። በ2021 መጨረሻ ኔዘርላንድስ ውስጥ በ10 ጣቢያ ሙከራ ተጀመረ፣ ቀጥሎ ኖርዌይ፣ ቀጥሎ ሌላው። የቴስላው ሞዴል 3 ራሱ እዚህ የሚሸጠው እንደ ሌላው መኪና ባለ አንድ ዓይነት መሰኪያ ነው። መሰኪያ የሚያገጣጥም አዳፕተር ፍለጋ የለም። ሰማይ አልተደፋም።

ሒሳብ ወዳድ፦
ሰማይ አልተደፋም ላልከው፣ የ2018ቱን ጠይቀው። 9 በመቶ ላይ ተደፍቶበታል።

አዲስ ገዢዋ፦
እኔ ሰው ቤት ገባሁ አልገባሁም ግድ የለኝም። መኪናዬ የሌላ አምራች ናት። መንገድ ላይ፣ ማታ፣ ዝናብ፣ ልጄ ከኋላ ተኝታለች። አንድ የቻርጅ ጣቢያ ገባሁ፣ የማን እንደሆነ ይቅር። አራት ቻርጀር አለ። አንዱ ስክሪኑ ጠፍቷል። ሁለተኛው ካርዴን አልቀበልም አለ። ሦስተኛው ጀመረና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቆመ። አራተኛው ላይ ሰው አለ። ደጋፊ መስመር ደውዬ ሙዚቃ ሰማሁ። በሚቀጥለው ጉዞ አዳፕተሬን ይዤ ሱፐርቻርጀር ገባሁ። አፑ ላይ ቁጥሩን ነካሁ፣ ሰካሁ፣ ሠራ። በቃ። ከፈለጋችሁ እንግዳ በሉኝ፣ ከፈለጋችሁ ወራሪ።

የ2018ቱ፦
እህቴ፣ ላንቺ አዝናለሁ፣ የእውነቴን ነው። ግን ያንቺ አምራች ለምን አልሠራም? በ2023 ሰባት አምራቾች ተሰብስበው ሰሜን አሜሪካ ላይ ቢያንስ 30,000 ቻርጀር እንተክላለን ብለው የለም? ይትከሉዋ!

ሒሳብ ወዳድ፦
ሲተክሉም ባለ ቴስላ መሰካት ይችላል ብለዋል። እዚያ ስትሄድ አንተ እንግዳ ትባላለህ ማለት ነው?

የ2018ቱ፦
አልሄድም።

800 ቮልት፦
አንድ ነገር ማንም አላነሳም። መከፈቱ ባለ 800 ቮልት ባትሪ መኪና ላለን ለኛ ያን ያህል በረከት አይደለም። የሃዩንዳይ አዮኒክ 5 በ350 ኪሎዋት ቻርጀር ከ10 ወደ 80 በመቶ በ20 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ሦስተኛው ትውልድ ሱፐርቻርጀር 800 ቮልት አይሰጥም። ስለዚህ መኪናው በራሱ ሞተርና ኢንቨርተር ቮልቱን ከፍ ማድረግ አለበት፣ ሰዓቱም ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። ከፍለን እየቀነስን ነው።

የ2018ቱ፦
አያችሁ! ቀስ ብሎ የሚሞላ መኪና ቦታ ይዞ ይቆያል። ያልኩት እኮ ይሄንን ነው!

800 ቮልት፦
የኔን መኪና ቀርፋፋ አልክ? ጣቢያህ ነው የቀረፈፈው።

ባለ ፒክአፑ፦
አሁን እነዚህ ሁለቱ ይጣሉ፣ እኔ ልረፍ።

አውሮፓ ያለሁት፦
ለ2018ቱ አንድ ጥያቄ ብቻ። በኤፕሪል 2024 መጨረሻ ጣቢያውን የሚተክሉትን 500 ገደማ ሠራተኞች ያባረረው ማን ነው? እንግዳው? የተወሰኑትን ቆይቶ መልሷል፣ እሺ። ግን ያን ጊዜ ጂኤም ገና በር ላይ ቆሞ ነበር፣ የገባው በሴፕቴምበር ነው። ቤቱን ያናጋው ባለቤቱ ነበር።

የ2018ቱ፦
ስለ ቴስላ ውሳኔ ጠበቃ አይደለሁም። ነገር አታዙሩብኝ። እኔ የማወራው ስለ ወረፋ ነው።

ሒሳብ ወዳድ፦
ቅድም ስለ ባለቤትነት ነበር። አሁን ወረፋ ሆነ። ለወረፋ ከሆነማ መድኃኒቱ ብዙ ቦታ መትከል ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ የሚመጣው ከባለ ፒክአፑ ጭማሪ ሒሳብ ነው።

አዲስ ገዢዋ፦
ለመሆኑ ቅዳሜ ስንት ደቂቃ ጠበቅክ?

የ2018ቱ፦
እሱ አይደለም ነጥቡ።

አዲስ ገዢዋ፦
ስንት?

የ2018ቱ፦
12።

ባለ ፒክአፑ፦
12 ደቂቃ!! ይሄ ሁሉ መቶ መልስ ለ12 ደቂቃ!

የ2018ቱ፦
9 በመቶ ላይ ሆነህ 12 ደቂቃ ምን እንደሆነ ብታውቅ እንዲህ አትልም። ደግሞ ፊቴ ላይ ያንኮራፋ ነበር።

ሒሳብ ወዳድ፦
መስኮቱ ተዘግቶ ነበር ወይስ ተከፍቶ?

ገመድ ነው ነገሩ፦
ስለ ገመዱ የጻፍኩትን ማንም አላነበበውም ማለት ነው።