ዋልካ መሬት ላይ ቤት፦ ኢንጂነሩን ልመን ወይስ ፎርማኑን?

ባለቦታው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ትንሽ ቤት ልሠራ ነው፣ ፎቅ የለውም። መሬቱ ዋልካ ነው። ኢንጂነሩ ዋልካው እስኪያልቅ ተቆፍሮ በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ አፈር) ይሞላ ይላል። ገና ልጅ ነው። ፎርማኑ ደግሞ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው፣ «ለዚህች ቀላል ቤት ይሄ ሁሉ ቁፋሮ ምን ያደርጋል» ይላሉ። የብሩ ልዩነት ያስደነግጣል። ራሴ የማጣራበት መንገድ አለ?

የኮዬ ልጅ፦
ፎርማኑን ስማ ወንድሜ። የጎረቤቶችህን ቤት እይ፣ ቆሞ የለም እንዴ?

ሲቪል፦
ጎረቤት ማየቱስ ጥሩ ነው። ግን ቆሟል ወይ ሳይሆን ከመስኮቱ ጥግ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ አለ ወይ፣ በሩ ክረምት ላይ አልዘጋ ይላል ወይ ብለህ እይ። አምና ያለቀ ቤት ምንም አይመሰክርም።

«ቀላል ቤት» የሚሉት ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ሲያብጥ ደግሞ ወደ ላይ ይገፋል። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ ተጭኖ ሊይዘው ይችላል፣ ቀላሉን ቤት ግን ያነሳዋል። እኩል ቢያነሳው እንኳ ባልከፋ፣ አሸንዳው የሚፈስበት ጥግ ቀድሞ ያብጥና ግድግዳው ይሰነጠቃል። በግንብ ፎርማኑን የሚያህል ላይኖር ይችላል፣ ይሄ ግን የአፈር ጉዳይ ነው።

ሞክረው። ከመሠረቱ ጥልቀት አፈር አውጣ፣ አድርቀህ ፍጭና በወንፊት ንፋ። 10 ሚሊ ሊትር ያህሉን መስመር ባለው ቀጥ ያለ መለኪያ፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ቀስ እያልክ ጨምረህ 24 ሰዓት ተወው። ላብራቶሪም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። አፈሩ 20 መስመር ላይ ከደረሰ እጥፍ አብጧል ማለት ነው፣ ለአንተ ዓይነት ቤት አስጊ ነው።

ባለቦታው፦
እሺ፣ ስንት ሜትር ይቆፈር የሚለውንስ? እዚያ ላይ ተመልሶ ማመን ሊሆን ነው?

ሲቪል፦
በከፊል አዎ፣ ስሌቱን አንተ አትሠራውም። ግን ኢንጂነሩን «ዋልካው የት ላይ እንደሚያልቅ በምን አወቅክ?» በለው። የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሮ ከሆነ ያሳይህ፣ አንተም ጎንበስ ብለህ እይ፣ አፈሩ ሲለወጥ ለማንም ይታያል። ሳያስቆፍር ከሆነ የተናገረው እሱም ገማች ነው። ሰሌክቱ ሲሞላ ደግሞ ቦታው ላይ ሁን። በየ20 ሳንቲሜትሩ ውሃ እየጠጣ ካልተጠቀጠቀ ብርህን ነው የቀበርከው።