የፈጠራ መረቡ ተመሥርቷል፣ ሰነዱ ተፈርሟል፣ ሥራው ግን አልተጀመረም፤ ከየት ይጀመር?

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ክልል ያሉ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ወደ 40 የሚጠጉ ስታርትአፖች (ጀማሪ ድርጅቶች) እና 15 ነባር አምራች ኩባንያዎች ያሉበት የፈጠራ መረብ ተቋቁሟል። ትልልቅ ስብሰባዎች ተካሂደዋል፣ የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሟል፣ እስካሁን ግን አንድም የጋራ ፕሮጀክት የለም። ኩባንያዎቹ መጀመሪያ ኃላፊ ይልኩ ነበር፤ አሁን የሚመጣው ውሳኔ መስጠት የማይችል ሠራተኛ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሠራተኞችና የሦስት ዓመት በጀት አለው። ከበጀቱ አብዛኛውን ለኢንኩቤተር (ጀማሪ ድርጅቶች ተደግፈው ለሚያድጉበት ማዕከል) ሕንጻ እናውለው የሚሉም አሉ። ምን ትመክራላችሁ?

ድልድይ

ኃላፊዎቹ የቀሩት የሚወስኑበት ጉዳይ ስላልቀረበላቸው ነው። ቀጣዩን ስብሰባ ይሰርዙትና ሁለቱን ሠራተኞች ለስድስት ሳምንት ያህል ወደ ኩባንያዎቹ ይላኳቸው። 15ቱን ማዳረስ አያስፈልግም፣ ስድስት ይበቃል። ማነጋገር ያለባቸው የሕዝብ ግንኙነቱን ሳይሆን የምርት፣ የጥገናና የጥራት ኃላፊዎችን ነው። ችግሩን በየቀኑ የሚጋፈጡት እነሱ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጀቱም በእነሱ እጅ ነው።

ከእያንዳንዱ ጉብኝት አንድ ገጽ ጽሑፍ ይውጣ። "ዲጂታል መሆን እንፈልጋለን" የሚል ገጽ ለማንም ተመራማሪ አይረባም። የሚረባው እንዲህ ያለው ነው፦ በማሸጊያው መስመር ላይ ከ100 ከረጢት የ3ቱ በሙቀት የታሸገ አፍ ይለቃል፤ በብዛት የሚለቀው ፈረቃ ሲቀየር ነው፤ የማሸጊያው ሙቀት የሚለካው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ የሚፈለገው ከ1,000 ከረጢት ከ5 በላይ እንዳይለቅ ነው፤ የስድስት ወር የብልሽት መዝገብ መስጠት ይቻላል፤ የሚወስነው የምርት ኃላፊው ነው፤ ለሙከራ መስመሩን በሳምንት አራት ሰዓት ማቆም ተፈቅዷል። ይህን ያነበበ የቁስ ምህንድስና መምህር ወይም ሴንሰር የሚሠራ ስታርትአፕ በአንድ ቀን ውስጥ "እችላለሁ" ወይም "አልችልም" ይላል። የመጨረሻዋን ነጥብ ብዙዎች ይዘነጓታል። መስመሩን የሚያቆመው ሰው አስቀድሞ ካልተስማማ፣ ውሉ ቢፈረምም መሣሪያው ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ይሁን፤ ከሁለት ሳምንት የላቦራቶሪ ምርመራ እስከ ሦስት ወር ሙከራ። የሦስቱ ወገኖች ጊዜ እንደማይገጥምም ከወዲሁ ይታሰብበት። ኩባንያው የሚያስበው በሩብ ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲው በሴሚስተር፣ ስታርትአፑ ደግሞ በእጁ ያለው ገንዘብ በሚያቆየው ወራት ነው። ከ4 እስከ 6 ወር የሚፈጅ ጥያቄ ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ይሆናል። ሦስትና አራት ዓመት የሚፈጀው ለዶክትሬት ተማሪ ይሁን። በሦስት ሳምንት መልስ የሚፈለግበትን ግን ለተማሪ አይስጡ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ በክፍያ ይሥራው።

ሕንጻው ይቆይ። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው በኔዘርላንድስ ያለው የአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ግቢ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያው ፊሊፕስ የራሱን ምርምር የሰበሰበበት ቦታ ነበር፤ ለሌሎች ኩባንያዎች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አዲስ ገቢዎች ሲደርሱ ተመራማሪውም ላቦራቶሪውም እዚያው ነበር። ባዶ ሕንጻ ይህን አይሰጥም፣ የጥገና ወጪው ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።

ውል አርቃቂ

ድልድይ ባሉት እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ላይ ግን ላስጠንቅቅ። ችግሩና መፍትሔ ሰጪው በተገናኙ ማግስት ጉዳዩ ወደ ሕግ ክፍል ይሄድና ለወራት በእንጥልጥል ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የአእምሯዊ ንብረት ነው። ስለዚህ የውል ናሙናዎቹ የመጀመሪያው ፕሮጀክት ከመምጣቱ በፊት ሁሉም ወገን ተስማምቶባቸው ይዘጋጁ። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2005 ላምበርት የተባሉትን የናሙና ውሎች ያወጣችው ለዚሁ ነበር፤ በአንዱ ውጤቱ የዩኒቨርሲቲው ይሆናል፣ በሌላው የኩባንያው፣ ተዋዋዮቹ የሚስማማቸውን ይመርጣሉ። ለእናንተ ሦስት ናሙና ይበቃል፦ ለተከፋይ የላቦራቶሪ አገልግሎት (ውጤቱ የከፋዩ)፣ ለጋራ ምርምር (ውጤቱ የዩኒቨርሲቲው፣ ኩባንያው በራሱ ዘርፍ የመጠቀም ፈቃድ ያገኛል)፣ ለስታርትአፕ ሙከራ (ቴክኖሎጂው የስታርትአፑ፣ የምርት መረጃው የኩባንያው)።

በሦስቱም ውስጥ እያንዳንዱ ወገን ይዞት የመጣው እውቀት በዝርዝር ተጽፎ ይያያዝ። ይህ አባሪ ባዶ ከተተወ፣ በኋላ ማን ምን ይዞ እንደመጣ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ክሱ የሚነሳው ከዚያ ነው።

የሕትመት ጉዳይም አለ። በአውሮፓ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሕግ ማመልከቻ ሳይገባ በአደባባይ የተገለጠ ነገር አዲስነቱን ያጣል፤ አሜሪካ ለፈጣሪው የ12 ወር እፎይታ ትሰጣለች። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ ምዘናም እንደ መግለጥ ይቆጠራል፤ ይህን ሳያውቁ ፓተንቱን የሚያጡ አሉ። በውሉ ላይ ኩባንያው ጽሑፉን በ30 ቀን ውስጥ አይቶ እንዲመልስ፣ ማመልከቻ የሚገባ ከሆነ ደግሞ እስከ 60 ቀን ተጨማሪ እንዲያገኝ ይጻፍ። ከዚያ በላይ ማዘግየት ተማሪውን ከምረቃ ያስቀራል፤ መምህራንም ሁለተኛ አይመጡም።

የምስጢር ጥበቃ ስምምነትን በመጀመሪያው ቀን አታንሱ። አንዱ ገጽ ምስጢር ሳይነካ ሊጻፍ ይችላል፤ ስምምነቱ የብልሽት መዝገቡ ከመሰጠቱ በፊት ይፈረም።

ከዩኒቨርሲቲ በሚወጡ ድርጅቶች ላይም ዩኒቨርሲቲው ብዙ ድርሻ ልያዝ ካለ ባለሀብት ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ2023 በብሪታኒያ የወጣው ገለልተኛ ግምገማ ለሕይወት ሳይንስ ከ10 እስከ 25 በመቶ፣ እንደ ሶፍትዌር ላለው 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን መክሯል። የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ባለቤትነቱን ከነአካቴው ለፈጣሪው ይተዋል።

ጠያቂ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ቅሬታ ደጋግሞ ይደርሰናል። ስታርትአፖቹ "ከትልቅ ኩባንያ ጋር ሙከራ ሠርተን ክፍያው ሳይመጣ ገንዘባችን ያልቃል" ይላሉ። ከኩባንያዎቹ ትንንሾቹ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ የሚከፍሉት የላቸውም።

የግዥ ባለሙያ

ለየብቻ ይዩዋቸው። የመጀመሪያው ቅሬታ የግዥ ሥርዓት ችግር ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች አቅራቢ ሲመዘግቡ የሦስት ዓመት የተመረመረ ሒሳብና ትልቅ መድን ይጠይቃሉ፣ ክፍያውም ከ60 እስከ 90 ቀን ይቆያል። ሥርዓቱ ለጥሬ ዕቃ አቅራቢ የተሠራ ነው፤ አንድ ዓመት ያልሞላው ድርጅት ሊያልፈው አይችልም። ከአባል ኩባንያዎች ጋር አንድ የአጭር መንገድ ስምምነት ያድርጉ፦ ከተወሰነ ገንዘብ በታች ለሆነ ሙከራ ባለአራት ገጽ ውል፣ ሲፈረም 40 በመቶ፣ መሣሪያው ሲተከል 30፣ ሪፖርቱ ሲቀርብ 30፣ እያንዳንዱም በ15 ቀን ውስጥ ይከፈል። የስታርትአፑ የካሳ ኃላፊነት ከውሉ ዋጋ አይለፍ። ነጻ ሙከራ የሚባለውን ከመረቡ ያውጡት። ኩባንያው ምንም ያልከፈለበትን ሙከራ ሥራ ሲበዛበት የሚያስታውስ የለም።

የስኬቱ መለኪያና ከስኬት በኋላ የሚመጣው ነገርም በውሉ ይኑር። "የሚለቀው ከ1,000 ከ5 በታች ሆኖ ለ30 ቀን ከቆየ፣ ኩባንያው በ45 ቀን ውስጥ ለሦስት መስመር ግዥ ይወስናል፤ አልገዛም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል።" ይህ አንቀጽ ካልገባ ሙከራው ያለፍሬ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዘዋወር ይኖራል።

ለሁለተኛው ቅሬታ ቫውቸር፣ ማለትም የምርምር አገልግሎት የሚገዛበት የድጋፍ ኩፖን፣ ይበጃል። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የ7,500 ዩሮ ቫውቸር ሰጥታ ነበር። ድርጅቱ ጥያቄውን ይዞ ወደ ምርምር ተቋም ይሄዳል፣ ተቋሙ ቫውቸሩን ወደ ገንዘብ ይለውጣል። አመልካቹ ስለበዛ የታደለው በዕጣ ነበርና ዕጣ የወጣላቸውን ካልወጣላቸው ጋር ማነጻጸር ተቻለ፤ ከ10 ቫውቸር 8ቱ ያለ ቫውቸር ባልተጀመረ ሥራ ላይ እንደዋሉ ታየ። ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፣ ምላሹም በሁለት ሳምንት ይድረስ። ድርጅቱ ከራሱ ጥቂት ይጨምር፤ ከ10 እስከ 20 በመቶ ተገቢ ነው።

ድልድይ

ገንዘቡና ውሉ ተነሥተዋል፤ ሰው ግን ቀረ። እውቀት በሪፖርት ከሚተላለፈው ይልቅ በሰው የሚተላለፈው ይበልጣል። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምራ የምታካሂደው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ስሙ የእውቀት ሽግግር አጋርነት (Knowledge Transfer Partnerships) ወደሚል የተቀየረው ፕሮግራም ተመራቂን ኩባንያ ውስጥ ያስገባል፤ በሥራው የሚቆጣጠረው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ ቆይታው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው። ቫውቸሩ ፍሬ ካሳየ ቀጣዩ ደረጃ ይኸው ይሁን። መምህሩ የሚያድገው በሕትመት ብቻ ከሆነ ግን የኩባንያ ሥራ ከእድገቱ ያስቀረዋል ማለት ነው፤ ለኩባንያው የሚሠራው የሳምንት አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው የሥራ ጫና ሰንጠረዥ ላይ እንዲቆጠር ይደራደሩ። ምናልባት ከሁሉም የከበደው ድርድር ይህ ይሆናል።

ለጽሕፈት ቤቱ ደግሞ አንድ መዝገብ፦ ችግሩ፣ ለማን እንደቀረበ፣ የተገናኙበትና የተፈረመበት ቀን፣ ካልሠመረም ምክንያቱ በአንድ መስመር። አስተባባሪው ቢለቅ ትውውቁ አብሮት እንዳይሄድ የሚያደርገው ይህ ነው። የተሳታፊ ብዛትና የተፈረመ የመግባቢያ ሰነድ በሪፖርቱ አይቆጠር። የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ግንኙነት እስከ ውል የፈጀው ቀንና ያው ኩባንያ ለሁለተኛ ጊዜ የፈረመው ውል ነው፤ በሁለተኛው ውል ውስጥ የቫውቸር ገንዘብ ካለበት ግን አይቁጠሩት።