የፈረሰውን ዶሮ ማነቂያ በኮምፒውተር መልሼ ስሠራ ቁልቁለቱ አስቸገረኝ

ጤና ይስጥልኝ። በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰው በኮምፒውተር ገብቶ እንዲዘዋወርበት አድርጌ እየሠራሁ ነው። ቤቶቹን ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ቀርጬ፣ ሰው ሊዘዋወርበት የሚችል ዓለም ወደሚሠራበት ፕሮግራም ወደ አንሪል ኤንጂን አስገባለሁ። የእንጨት በረንዳውም የቆርቆሮ ጣሪያውም ጥሩ መልክ ይዟል።

ያስቸገረኝ መሬቱ ነው። የምጠቀምበት የሳተላይት የከፍታ መረጃ በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ ብቻ ይሰጣል። ፒያሳ ደግሞ ተዳፋት ነው፤ በ30 ሜትር ውስጥ መንገዱ ይታጠፋል፣ ደረጃ ይመጣል፣ የአንዱ ቤት ደጃፍ ከታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ጋር ይስተካከላል። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ቤት አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሌላው እስከ መስኮቱ ይቀበራል። በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ነገር ግን በግምት የተሠራ ቁልቁለት እዚያ ያደገን ሰው አያሳምንም፤ እኔ ደግሞ የምሠራው ለእነሱ ነው።

ከመፍረሱ በፊት የተነሣ፣ የ1 ወይም የ2 ሜትር ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) ያለው ካርታ የት ይገኛል? ከሌለስ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ የመንገዱን ዝንባሌ ያሰላ ሰው አለ? ከፎቶ ላይ የካሜራውን አቀማመጥ የሚያሰላውን ኤፍስፓይ (fSpy) የተባለ ፕሮግራም ሞክሬ ነበር፤ የቤቶቹ ማዕዘን ቀጥ ያለ ስላልሆነ ውጤቱ ከፎቶ ፎቶ ይለያይብኛል። መንገዱና የቤት መሠረት አብረው የሚታዩበት የቤተሰብ ፎቶግራፍ ያላችሁም እባካችሁ አካፍሉኝ።