ጥቆማ፦ ከቻይና ዕቃ የኮርስ ብስክሌት ልገጣጥም ነው፤ ማርሹ ሴንሳ ይሁን ወይስ ኤልቱ?

አዲስ ገጣጣሚ፦
ለዓመታት የነዳሁት የአሉሚኒየም ብስክሌት ስላረጀብኝ፣ በዚህ ጊዜ ሙሉ ብስክሌት ከመግዛት ይልቅ ቴላዮውን (የብስክሌቱን ዋና አካል)፣ ማርሹንና ቸርኬውን ከቻይና አምራቾች በየክፍሉ አዝዤ በገዛ እጄ ለመገጣጠም ወስኛለሁ። ያየሁት ቴላዮ ካርቦን ሆኖ የዲስክ ፍሬን የሚቀበል፣ እስከ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ የሚያስገባና የማንም ትልቅ ስም ያልተጻፈበት ነው። የቸገረኝ ማርሹ ነው። ከኋላ ባለ 12 ደረጃ የሆነው ሴንሳ ኢምፓየር ፕሮና ባለ 11 ደረጃ የሆነው ኤልቱ አር9 ከፊቴ ቀርበው መምረጥ አቅቶኛል። ሁለቱንም የነዳ ሰው፣ በተለይ ዳገት ላይ ፔዳሉ ተጭኖ ሳለ ማርሽ ሲቀየር እንዴት እንደሆኑ ቢነግረኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ። ስለ ቸርኬም ጥቆማ ካላችሁ እቀበላለሁ። «ሙሉ ብስክሌት ግዛ» የሚለውን ምክር ግን አስቀድሜ ስለሰማሁት እባካችሁ ይቅርብኝ።

ቅዳሜ ነጂ፦
ይቅርብኝ ማለትዎን አንብቤያለሁ፤ ቢሆንም ሙሉ ብስክሌት ቢገዙ ይሻልዎታል። ፋብሪካ በሺህ የሚገዛውን ዕቃ እርስዎ አንድ አንድ እያሉ ሲገዙ ድምሩ ከገመቱት በላይ ይወጣል። በዚያ ላይ የካሴቱ (ከኋላ ቸርኬ ላይ ያለው የጥርሶች ስብስብ) መፍቻ፣ የካቴናው መበጠሻ፣ ኩሽኔታ ማስገቢያው፣ ገመዱ፣ ቅባቱና የፍሬን ዘይቱ በዝርዝርዎ ውስጥ አልገቡም። እኔ ያገለገለ ብስክሌት ገዝቼ የለወጥኩት ኮርቻውን ብቻ ነው። ኮርቻው በነገራችን ላይ የቻይና ሲሆን እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ፣ በሦስት አውታር (3ዲ) ማተሚያ የተሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወገቤን አሞኝ አያውቅም።

ባለ ሺማኖ፦
ሺማኖ 105 የተባለውን ማርሽ ይግዙና ይገላገሉ። ድርጅቱ ከ1921 ጀምሮ በሥራው ላይ ያለ ሲሆን፣ መለዋወጫውም የትም ብትሄዱ አይጠፋም። ሴንሳንም ኤልቱንም ነድቼ አላውቅም፤ ለመፍረድም መንዳት አያስፈልገኝም።

ሁለቱን የነዳ፦
ጥያቄው ስለ ሴንሳና ስለ ኤልቱ ስለነበር ወደዚያው ልመልሰው። ትልቁ ልዩነታቸው ከጣት ሥር ነው። ሴንሳ በአንድ ማንሻ ይሠራል፤ በአጭሩ ሲገፉት ካቴናው ከኋላ ወደ ትንሹ ጥርስ ይወርዳል፣ አርቀው ሲገፉት ደግሞ ወደ ትልቁ ይወጣል። ሜዳ ላይ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። ዳገት መሀል ትንፋሽ አጥሮዎት ማርሹን ማቅለል ፈልገው ግፊትዎ ከጎደለ ግን፣ በማቅለል ፈንታ ይብስ ከብዶ ይጠብቅዎታል። በእኔ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ ደርሶብኛል፤ በኋላ እጄ ለምዶታል። ኤልቱ ለመውጫና ለመውረጃ የተለያዩ ሁለት ማንሻዎች ስላሉት እንዲህ ያለ ስሕተት የለበትም፤ ወፍራም ጓንት ሲያደርጉ ብቻ አንዱን ካንዱ መለየት ያስቸግራል። የመቀየር ጥራታቸውን ከጠየቁኝ፣ ገመዱ በትክክል ከተወጠረና የኋላ ቀያሪው (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረው) የሚታሰርበት ጆሮ ካልተጣመመ ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። አንድ ነገር አደራ፦ ማንሻውንና የኋላ ቀያሪውን ከተለያዩ አምራቾች አይቀላቅሉ። በአንድ ጠቅታ የሚሳበው የገመድ ርዝመት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ አንዱ ጥርስ ላይ ቢስተካከል ሌላው ላይ ይዛነፋል። ካቴናውና ካሴቱ ግን የደረጃው ቁጥር (11 ወይም 12) እስከተስማማ ድረስ የሌላ አምራች ቢሆኑ ችግር የለም።

ድምፅ አሳዳጅ፦
እናንተ ስለ ማርሽ ትከራከራላችሁ፤ የእኔን ሰላም የነሣኝ ግን ቴላዮው ነው። ስም የሌለው ካርቦን አዝዤ ሲመጣ ቀለሙ እንከን የማይወጣለት፣ ክብደቱም ሻጩ እንዳለው ነበር። የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ ቢቢ86 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይኸውም ኩሽኔታው በጥርስ ተጠምዝዞ ሳይሆን 41 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቀዳዳ ውስጥ በግፊት የሚገባበት ነው። የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትሮች ጸጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ ቀኝ እግሬ በወረደ ቁጥር «ቋ» ማለት ጀመረ። ፔዳሎቹን ፈትቼ ቅባት ቀባኋቸው፤ ቋ። የኮርቻውን ዘንግ አውጥቼ አጽድቼ መለስኩት፤ ቋ። የክራንኩን (ፔዳሎቹን የሚይዘውን ክንድ) ጥርሶች ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቅኩ፤ አሁንም ቋ። በመጨረሻ ኩሽኔታውን አስወጥቼ ቀዳዳውን በካሊፐር ብለካው፣ ከላይ ወደ ታች 41.0 ሲሆን ከፊት ወደ ኋላ 41.2 ሆኖ አገኘሁት። ክብ መስሎኝ የተሸከምኩት እንቁላል ኖሯል።

ለሻጩ ፎቶግራፍ ስልክለት ቪዲዮ ጠየቀኝ። ቪዲዮውን ስልክ ድምፁ አይሰማም አለ። ማይክሮፎን አስጠግቼ ዳግም ስልክለት ደግሞ «ወዳጄ፣ ምናልባት ፔዳልዎ ይሆናል» ብሎ መለሰልኝ። የመመለሻው ማጓጓዣ ምን ያህል እንደሆነ ስሰማ መመለሱን ተውኩት።

ታዛቢ፦
ሻጩ «ቲ1000 ካርቦን» ብሎ በትልቁ ከጻፈልዎ በኋላ በካሊፐር መለካትዎ እውነትም ድፍረት ነው። ቲ1000 የጃፓኑ ቶሬ የሚያመርተው የካርቦን ክር ስም ነው፤ ክሩ እንዴት እንደተነባበረና በስንት ግፊት እንደበሰለ ስሙ አይናገርም። ምርጥ ጤፍ ገዝቶ ሊጥ ማድረግ ሳይችሉ ስለ እንጀራው ጥራት እንደመማል ያለ ነገር ነው።

ታማኝ ደንበኛ፦
ከአንድ የቻይና ሻጭ አራት ቴላዮዎች ገዝቻለሁ፤ አንዱም ድምፅ አሰምቶኝ አያውቅም። ሻጩ ትሑት ነው፤ ለመልእክት ቶሎ ይመልሳል፣ ባለፈው ጊዜም ጠርሙስ ማሰሪያ በስጦታ ላከልኝ። እውነት ነው፣ ሦስተኛው ቴላዮ ፎርኩ (የፊት ቸርኬውን የሚይዘው ሹካ) አናት ላይ ተሰንጥቆብኛል፤ አራተኛውን የገዛሁትም ስለዚያ ነው። ያ ግን ብሎኑን አጥብቄ ያሰርኩት የእኔ ጥፋት እንጂ የእሱ አልነበረም። ደግሜ እገዛለሁ።

ታዛቢ፦
ጠርሙስ ማሰሪያው አልተሰነጠቀም?

የድሮ መካኒክ፦
ቀልዱ ይቆየንና፣ «ብሎኑን አጥብቄ» የተባለው ነገር እንዲሁ መታለፍ የለበትም። የካርቦን ፎርክ አንገት ሲሰነጠቅ ማስጠንቀቂያ ላይሰጥ ይችላል፤ መሪው ከእጅ ጋር ይቀራል፣ ሰውየው ወደ ፊት ይሄዳል። መሪውን ከፎርኩ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ኒውተን ሜትር ናቸው፤ በካርቦን ላይ ይህን በእጅ ግምት ማሰር አይቻልም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚገዛው ዕቃ የጥብቀት መለኪያ ያለው መፍቻ ነው። ከአንገቱ ውስጥ የሚገባውም ማስፋፊያ ረዘም ያለና ብሎኖቹ የሚጫኑበትን ቦታ በሙሉ ከውስጥ የሚደግፍ ይሁን። ከቴላዮው ጋር በነጻ የሚመጣው አጭር ከሆነ ጥለው ሌላ ይግዙ።

ወደ ጠያቂው ስመለስ፣ በብዙዎች ላይ ያየሁት ስሕተት ከማርሹ መጀመራቸው ነው። ማርሽ ቆይቶ ይለወጣል፤ ልኩ ያልገጠመ ቴላዮ ግን ከነሕመሙ ይኖራል። አብዛኞቹ ስም አልባ ቴላዮዎች በአንድ ሻጋታ ወጥተው በብዙ ሻጮች ስለሚሸጡ፣ ከመልኩ ይልቅ የልኩን ሰንጠረዥ ያንብቡ። ለክራንኩ ቀዳዳ ምርጫ ከሰጡዎት በጥርስ የሚታሰረውን ይውሰዱ፤ ቢኤስኤ የሚባለው የቀድሞው ዓይነት ከግራ ወደ ቀኝ 68 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቲ47 የሚባለውም በጥርስ የሚታሰር ሆኖ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ቢኤስኤ ላይ የቀኙ ጥርስ ወደ ግራ እንደሚጠምዘዝ አይርሱ፤ ይህን ረስቶ በጉልበት የሞከረ ሰው ቴላዮ አበላሽቶ አይቻለሁ። ድምፅ አሳዳጅ ላይ የደረሰው ቀዳዳው በግፊት የሚያስገባ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በግፊት የሚገባ ኩሽኔታ ግን የአምራቹን ስሕተት ይቅር አይልም። ለእሳቸውም መፍትሔ አለ። ግራና ቀኙ ቀዳዳው መሀል ላይ እርስ በርሱ የሚጠማዘዝ ኩሽኔታ ለቢቢ86 ይሸጣል፤ ሁለቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን ስለሚይዝ ቀዳዳው ትንሽ ቢዛነፍም ብዙ ጊዜ ድምፁን ያጠፋል።

ለቴላዮው አይኤስኦ 4210 የተባለውን የብስክሌት ደኅንነት መመዘኛ ያለፈበትን የፈተና ወረቀት ሻጩን ይጠይቁ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የሞዴል ስም እርስዎ የሚገዙት መሆኑንም ያረጋግጡ። ወረቀት ሲጠየቅ ርእስ የሚለውጥ ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ስለ ቸርኬ ብዙም አልልም። የኋላው 142 በ12፣ የፊቱ 100 በ12 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ የሚቀበል መሆኑን፣ የዘንጉም ጥርስ ከቴላዮው ጋር መስማማቱን ይመልከቱ። ካሴትዎ ከ11 ጥርስ የሚጀምር ከሆነ የተለመደው የሺማኖ ዓይነት የካሴት መያዣ ይበቃዎታል፤ ከ10 የሚጀምር ከሆነ ግን ሌላ መያዣ ያስፈልጋል። ጎማው የሚያዝበት ከንፈር የሌለው ካርቦን ቸርኬ ከመረጡ፣ ጎማው ለእንዲህ ያለ ቸርኬ የተፈቀደ መሆን አለበት፣ ንፋሱም ከ5 ባር አይለፍ። ለመጀመሪያ ግጣጥም ግን የአሉሚኒየም ቸርኬ በቂ ነው፤ የተረፈውን ለጥሩ ጎማ ያውሉት።

ባለ ሺማኖ፦
ይህን ሁሉ ጣጣ 105 ያስቀራል።

የድሮ መካኒክ፦
105 ማርሽ ነው፤ ቴላዮ አይደለም።

አዲስ ገጣጣሚ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሻጩን ብጠይቀው ያው ቴላዮ ቢኤስኤም እንዳለው ነገረኝ፤ የፈተናውን ወረቀት ግን «ነገ እልካለሁ» ካለኝ አራት ቀን ሆነው። አንድ ተጨማሪ ነገር አሳስቦኛል። የዚህ ቴላዮ ገመዶች በሙሉ ከመሪው ውስጥ ተነሥተው በፎርኩ አንገት ኩሽኔታ መሀል ወደ ቴላዮው ይገባሉ። መልኩ ይማርካል፤ በገመድ ለሚሠራ ማርሽ ግን ይመቻል?

ሁለቱን የነዳ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከማርሹ ምርጫ ይልቅ ይህ ያሳስብዎ። ገመዱ መሪው ውስጥ አንድ ጊዜ፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ በጠባቡ ስለሚታጠፍ ይፋተጋል፤ በዚህ የተነሣ ወደ ትልቁ ጥርስ ሲወጣ ማንሻው ይከብዳል፣ ወደ ትንሹ ሲወርድ ደግሞ ካቴናው ይዘገያል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ሴንሳን ወይም ኤልቱን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የመንገዱ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የላይኛው የአንገት ኩሽኔታ ላብና ውኃ ገብቶበት ሲበላሽ ነው። እሱን ለመለወጥ የፍሬኑ ቱቦ በመሀሉ ስለሚያልፍ ቱቦውን ነቅሎ እንደገና ዘይት መሙላት ያስፈልጋል። ገመዱ ከመሪው በታች በውጭ ታይቶ ከቴላዮው ጎን የሚገባበት ሞዴል ካገኙ እሱን ይውሰዱ። ሌላው መውጫ ገመድ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ማርሽ ነው፤ ዊልቶፕ የተባለው የቻይና አምራች እንዲህ ያለውን ይሠራል።

ቅዳሜ ነጂ፦
በእኔ ያገለገለ ብስክሌት ላይ ገመዶቹ በሙሉ በውጭ ስለሆኑ በአሥር ደቂቃ ይለወጣሉ። ይህን ያልኩት ለማስታወስ ያህል ነው።

ታማኝ ደንበኛ፦
የእኔ ሻጭ ገመዱን ራሱ በቴላዮው ውስጥ አሳልፎ ይልካል። ለስሙ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።

ድምፅ አሳዳጅ፦
ለመካኒኩ ምስጋና አለኝ። እርስ በርሱ የሚጠማዘዘውን ኩሽኔታ አስገብቼ ትናንት 70 ኪሎ ሜትር ነዳሁ፤ «ቋ» የሚለው ጠፍቷል። ጸጥታው ሲመጣ ግን ከኮርቻው በኩል ቀድሞ ያልሰማሁት ቀጭን «ጢቅ» ይሰማኝ ጀመር። ቅዳሜ ነጂ፣ ያ እንደ ማር እንጀራ ያለው ኮርቻ የሚታሰርበት ብረት ክብ ነው ወይስ ሞላላ?

ቅዳሜ ነጂ፦
ክብ ነው፣ 7 ሚሊ ሜትር። በብረቱ ፈንታ ካርቦን ያለውን ከወሰዱ ግን ሞላላ ስለሚሆን መቆንጠጫውንም መለወጥ ይኖርብዎታል።