ንግር ወይስ ንግርት? ጸጸት ወይስ ቁጭት? (ማክቤዝን ለምታነቡ)

የሽምብጥ ልጅ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እዚህ ባሕር ዳር የሼክስፒርን ተውኔት ማክቤዝን በቡድን እያነበብን ነው። ጠንቋዮቹ ማክቤዝን «ንጉሥ ትሆናለህ» ሲሉት ንግር እንበለው ንግርት? «ጸጸት» እና «ቁጭት»ም እየተቀላቀሉብን ነው።

ዋሸራ፦ ንግርት ባለታሪኩ ራሱ የሚሰማው የወደፊት ቃል ነው፤ «ንግርት አለ» እንደሚባለው። ንግር ግን የጸሐፌ ተውኔቱ ብልሃት ነው፤ አስቀድሞ ፍንጭ ይጥላል፣ ተመልካቹ ያነሣዋል፣ ባለታሪኩ ሳያውቀው ያልፋል። ስለዚህ የጠንቋዮቹ ቃል ንግርት ነው።

ንግሩን ገቢር 1፣ ትዕይንት 4 ላይ ፈልጉት። ንጉሥ ደንከን ስለ ከዳው የካውዶር ሹም እያዘነ፣ የሰው ልብ ከፊቱ እንደማይነበብ፣ ያን ሰው ፈጽሞ አምኖት እንደነበር ይናገራል። ቃሉ ሳያልቅ ማክቤዝ ይገባል። የከሐዲው ሹመት የተሰጠው ደግሞ ለእሱ ነው! በመድረክ ላይ ተዋናዩ ትንሽ ዘግይቶ ከገባ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ንግሩ ያለው በአገባቡ ሰዓት ነውና።

ዘጌ ማዶ፦ የጉጉቷስ? ጭልፊቱን የገደለችው፣ ፈረሶቹም እርስ በርስ የተባሉት? ያ ንግር አይደለም?

ዋሸራ፦ አይደለም ወንድሜ። ያ ገቢር 2፣ ትዕይንት 4 ነው፤ ደንከን በማክቤዝ እጅ ከሞተ በኋላ። ያለፈን ነገር በፍጥረት ላይ የሚያሳይ ምልክት ነው፤ «ምልኪ» ብትለው ይቀርባል። ከግድያው በፊት የማክቤዝ ሚስት «ቁራው ድምፁ ሻከረ» ማለቷ ግን ሁለቱንም ነው፤ ለሷ ምልኪ፣ ለእኛ ንግር።

ዘጌ ማዶ፦ እሺ፣ ተቀብያለሁ። ጸጸትን ለእኔ ተዉልኝ። ጸጸት «ምን አደረግሁ» ይላል፣ ቁጭት «ምን አመለጠኝ»። ማክቤዝ ከግድያው ወጥቶ «አሜን» ማለት ሲያቅተው፣ እንቅልፍን የገደለ ሲመስለው፣ ጸጸት ነው። ገቢር 3 መግቢያ ላይ ግን ደንከንን የገደልሁት ለባንኮ ልጆች (ጠንቋዮቹ ይነግሣሉ ላሏቸው ለጓደኛው ልጆች) ዙፋን ለማዘጋጀት ኖሯል ብሎ ሲንገበገብ ቁጭት ነው፤ እዚያ «ተጸጸተ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሰውየውን አላነበበውም። «ንስሐ» ደግሞ ለሁለቱም ባልና ሚስት አይገባም፤ ጥፋትን መናዘዝና መመለስ ይጠይቃል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ሚስቲቱ ከግድያው በኋላ «ጥቂት ውኃ ያነጻናል» ያለችውን «እጃችንን እንታጠብ» ብንለውስ?

ዘጌ ማዶ፦ አይሆንም። እጅ መታጠብ በእኛ ዘንድ የጲላጦስ ነው፤ «የለሁበትም» ማለት ይሆናል። እሷ ግን የምትለው «እድፉ ይለቃል» ነው። «ውኃ» የሚለው ቃል የግድ ይቆይ፤ ገቢር 5 ላይ ተኝታ እየሄደች፣ ውኃ በሌለበት፣ አንዳንዴ እስከ ሩብ ሰዓት እጇን ስታሽ ያ ቃል ነው የሚመለሰው። ተዋናይዋም በገቢር 2 ቃሏን ቀለል አድርጋ ትበለው። ያኔውኑ እጇን አጥብቃ ካሸች ለኋላው የሚተርፍ የለም።

ዋሸራ፦ አንድ ልጨምር፦ ለማክቤዝ የተነገረው «ከሴት የተወለደ አይጎዳህም» የሚለው ንግርት ሰምና ወርቅ ነው፤ ኅብረ ቃሉ «የተወለደ»። ሰሙ «ማንም ሰው» ነው፤ ወርቁ ግን በመጨረሻ ማክቤዝን የሚገድለውን ማክደፍን ይተዋል፣ ያለ ጊዜው ከእናቱ ማሕፀን ተቀዶ ወጥቷልና። «ከሴት የተገኘ» ብላችሁ ከተረጎማችሁ ማክደፍም ከሴት ነው የተገኘው፤ ወርቁ ይበላሻል።