የገብስ ማሳና የጓሳ ሳር ካርታዬ ላይ አልለይ አሉኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የቀይ ቀበሮን መኖሪያ ለመተንተን የደጋችንን ሥርዓተ ምህዳር ዓይነቶች በካርታ እየለየሁ ነው። መነሻዬ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ ዕፅዋት አትላስ ነው። አገሪቱን በ12 ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፍላታል። ግሩም ሥራ ነው። ግን የሚያሳየው የሰው እጅ ባይገባበት ሊኖር የሚችለውን ዕፅዋት ነው፤ ዛሬ ያለውን አይደለም።

በአትላሱ ከ3,000 እስከ 3,200 ሜትር የአስታ (የደጋ ቁጥቋጦ) ቀበቶ ነው። ከዚያ በላይ ውርጭ የሚባለው፣ ጅብራ የተባለው ረጅም ተክል ያለበት ቀበቶ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ግን አስታውም የገብስ ማሳውም ከ3,200 በላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ከፍታ ብቻውን አያዋጣም። ቀበሮዋ አይጥ የምታድነው ሳሩ ላይ ነው። ማሳውን ጓሳ ብዬ ከቆጠርኩ የሌለ መኖሪያ አለ ልል ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስልን በራንደም ፎረስት (ከምሳሌዎች ተምሮ መሬቱን በዓይነት በሚለይ የኮምፒውተር ስልት) እየመደብኩ ነው። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ግን የታጨደ የገብስ ማሳና የደረቀ ጓሳ በ10 ሜትር ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) አንድ ዓይነት ቡኒ ናቸው። ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው አላሳይ አለ።

የሴንቲኔል 1 ሳተላይት ራዳርን ደመና አያግደውም፤ ገደላማ ቦታ ላይ ግን ምስሉ ይዛባል። በእንዲህ ያለ ተራራ ላይ የሞከረው ሰው አለ? መዛባቱን እንዴት አረማችሁት? ወይስ የማሳዎቹን ድንበር በእጅ መሳል ይሻላል? ባሌ ወይም መንዝ ጓሳ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መላ በሉኝ።