መኪናዬን ከፍ ላደርጋት ነው፣ የሚታመን ጋራዥ እንዴት ነው የምትለዩት?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ አለችኝ፣ ወደ 5 ሳንቲሜትር ከፍ ላደርጋትና ባለ 33 ኢንች ጎማ ልገጥምላት ፈልጌ ጋራዥ ለጋራዥ እየዞርኩ ነው ግን ማንን እንደማምን ግራ ገባኝ። አንዱ ኦሪጅናሉን ሞላ ሳንነካ ስፔሰር (ሞላው ላይ የሚደረብ ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) ጣል አድርገን በግማሽ ቀን እንጨርሳለን ይላል፣ ሌላው ደግሞ የፊት ሞላ፣ የኋላ ባሌስትራና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ካልተቀየረ አልነካትም አለ። ዋጋው ያስደነግጣል ግን እውነት ለመናገር ልቤ ወደሱ ነው፣ ምክንያቱም ሳልጠይቀው የፍሬን ቱቦው ይደርሳል ወይ ብሎ ጎንበስ ብሎ ያየው እሱ ብቻ ነው።

እንደገባኝ መኪናዋ ከፍ ስትል የፊት አክስሉ ካስተር (ጎማው ለመሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ) ይቀየራል፣ ያ ካልተስተካከለ መሪው ቀጥ ብሎ አይመለስም፣ በፍጥነት ስትነዳት ትዋልላለች፣ የክሮቼራው (ኃይል ወደ አክስሉ የሚያስተላልፈው ዘንግ መጋጠሚያ) ማዕዘንም ከበዛ ንዝረት ያመጣል። ይሄን ስጠይቅ የአብዛኞቹ መልስ «አታስብ እናውቅበታለን» ነው፣ እኔ ደግሞ አታስብ ሲሉኝ ነው የማስበው። ሻሲው ላይ ብየዳ እናድርግ ያለኝም አለ፣ እሱን ወዲያው ትቼዋለሁ።

እስኪ ያሰራችሁ ንገሩኝ፣ ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት ምን ምን ልጠይቅ? ከዚህ በፊት የሰራችሁትን መኪና አሳዩኝ ብል ይቀየሙኛል? ቀብድስ ምን ያህል ብከፍል ነው ደህናው? የፅሁፍ ዋስትና ሰጥቶ በኋላ የካደስ አጋጥሟችኋል? ደግሞ ኢንሹራንስ ላይ ችግር ያመጣል ወይ፣ የምታውቁ በናታችሁ።